ፒኦኢ፦ ኃይል አዘል ኔትወርክ

ለቤቱ የደኅንነት ካሜራ ሊገዛ የወጣ ሰው «ፒኦኢ ነው የሚፈልጉት?» መባሉ አይቀርም። «ፓወር ኦቨር ኢተርኔት» የሚለው ስያሜ ምኅጻር ነው፤ መረጃንና የኤሌክትሪክ ኃይልን በአንድ የኔትወርክ ገመድ አብሮ መላክ ማለት ነው። በአማርኛ «ኃይል አዘል ኔትወርክ» ቢባል ያስኬዳል። «ኃይል አዘል ገመድ» ግን ያሳስታል፤ ገመዱ የተለመደው የኔትወርክ ገመድ ሲሆን ኃይሉን የሚጭንበት ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን፣ ስዊቹ፣ ነው።

ካሜራ የሚሰቀልበት የጣሪያ ጠርዝ ሶኬት የለውም። በፒኦኢ ሶኬት ማስገባትም፣ አዳፕተር ከዝናብ መሸሸግም ይቀራል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ ካሜራዎቹ ሁሉ ኃይል የሚያገኙት ከአንድ ስዊች ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ስዊቹ የተሰካበት አንድ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ሁሉንም ያቆያል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ማሳመኛ ያለ አይመስለኝም።

ደረጃዎቹን ያወጣው አይ-ትሪፕል-ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ እስከ 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው 802.3ቢቲ ደግሞ እስከ 90 ዋት ይሰጣል። ለአብዛኛው የቤት ካሜራ የመጀመሪያው ይበቃል። ታዲያ ገዢ የሚሳሳተው ደረጃው ላይ ሳይሆን ድምሩ ላይ ነው። ስምንት ፖርት ያለው ስዊች ለስምንቱም 15.4 ዋት ይችላል ማለት አይደለም። ጠቅላላ አቅሙ፣ «የኃይል በጀት» የሚባለው፣ 60 ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስድስት ካሜራዎች ቀን ቀን ስድስት ስድስት ዋት ቢወስዱ 36 ነው፤ ሲመሽ የኢንፍራሬድ መብራታቸው በርቶ 11 ዋት ቢደርሱ 66 ይሆናል። ያኔ ስዊቹ አንዱን ፖርት ይዘጋል፤ ካሜራው የሚጠፋው እንግዲህ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስዊች ሲመረጥ ከፖርት ብዛት በፊት የካሜራዎቹ ከፍተኛ ዋት ይደመር፣ ትርፍም ይተውለት።

ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት ከወዲያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስታንስ መኖሩን ይፈትሻል። ላፕቶፕ ቢሰካበት ምልክቱን ስለማያገኝ ምንም አይልክም። «ፓሲቭ ፒኦኢ» የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት የሆነው፣ ግን ሳይጠይቅ የሚልክ ነው። እኔ ብሆን ከካሜራ ስዊች ጋር አልቀላቅለውም፤ ያልተስማማ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ገመዱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን፣ ከ100 ሜትር አይለፍ፣ ሽቦውም ንጹሕ መዳብ ይሁን። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በርካሽ ይገኛል፤ መረጃውን ቢያደርስም በርቀት ቮልቴጅ ይጥላል፣ ይሞቃልም።

ቀረጻው የሚቀመጥበት ዲስክም በስሌት ይመረጣል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል፤ አራት ካሜራ ለ30 ቀን 5.2 ቴራባይት ይሆናል። 6 ቴራባይት ዲስክ ይበቃል ማለት ነው፤ ሆኖም እንደ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ ያለ፣ ሌት ተቀን ለመቅረጽ የተሠራ ይሁን።

ዕቃዎቹ የሚሰቀሉበትን ራክ በተመለከተ የ19 ኢንች ስፋቱ የታወቀ ነው፤ መለካት ያለበት ጥልቀቱ ነው። ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ራክ ይረዝማል፣ ክብደቱም ለግድግዳ አይመችም፤ መሬት ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። ከስዊቹና ከመቅረጫው ጋር ራውተሩና የፋይበሩ መቀበያ ሳጥንም ከዩፒኤሱ ላይ ይሰኩ። እነዚህ ሁለቱ ከተረሱ መብራት ሲሄድ ካሜራው መቅረጹን ይቀጥላል፤ የወላጆቹን ግቢ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በስልኩ የሚያይ ልጅ ግን ምንም አያይም።