«ይቻላቸዋል» የምትለው ቃል ለንደን ስትደርስ

የውጫሌ ውል ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ ብለን ወደ ዓድዋ እንሮጣለን። እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝና የሚያስቆመኝ ከፊርማው በኋላ፣ ከጦርነቱም በፊት ያለው ነገር ነው፤ ይኸውም በፌብሩወሪ 1890 ከለንደን ለዳግማዊ ምኒልክ የተጻፈው የንግሥት ቪክቶሪያ መልስ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓ ነው።)

ታሪኩ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ሜይ 2 ቀን 1889 በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። ሮም በኦክቶበር 1889 የራሷን ቅጂ ይዛ ለኃያላኑ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ደግሞ በዲሴምበር ዘውድ መጫናቸውን ለነገሥታቱ በቀጥታ ጻፉ። ለንደንም በውሉ መሠረት ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን እንዳለበት መለሰች።

ለንደን መልሱ ለጥቅሟ የተመቸ መሆኑን አልክድም፤ በቀይ ባሕር ላይ ከፈረንሳይ ይልቅ ኢጣልያን ትመርጥ ነበር። ነገር ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በእጁ የነበረው መግለጫ አንድ ብቻ ነበር፤ የሠራውም እንደዚያው መግለጫ ነው።

ዛሬ ኤጀንት የምንላቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይለይም። ኦፕንኤአይ በጁን 2023 ሞዴሎቹ ሌላ ፕሮግራም እንዲጠሩ የሚያስችል አሠራር አወጣ፤ አንትሮፒክ ደግሞ በኖቬምበር 2024 ኤም.ሲ.ፒ. የተባለውን የጋራ ደንብ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አንድ ኤጀንት በአንድ ጊዜ ብዙ መሣሪያ ሊቀርብለት ይችላል። በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ኮድ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። የሚያየው ስሙን፣ ጥቂት መስመር መግለጫውን፣ የሚሞሉትን ነገሮች ዝርዝር ነው። ደብዳቤ የሚልከውም፣ ፋይል የሚሰርዘውም፣ ገንዘብ የሚያዛውረውም ያችን አንቀጽ አንብቦ ነው።

ታዲያ አንቀጿ ጥሩ መሆኗን በምን እናውቃለን? የተለመደው መንገድ ለባልደረባ ወይም ለሌላ ሞዴል አስነብቦ ግልጽ ናት ወይ ብሎ ነጥብ ማሰጠት ነው። አንቀጽ 17 ይህን ፈተና በሁለቱም ቋንቋ ያልፍ ነበር፤ አጭር ነው፣ ሰዋስዉም የተስተካከለ ነው። እንዲያውም አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም የታመኑ ናቸው ይላል።

ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፤ ሥራ ሰጥቶ ምን እንደሚያደርግ ማየት። እዚህ ለንደን ያለው የመንግሥት የኤአይ ሴኩሪቲ ኢንስቲትዩት በሜይ 2024 ኢንስፔክት የተባለ የመመዘኛ ሶፍትዌር ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቋል። በእርሱ ላይ ለሚሠራ መሣሪያ መግለጫ መጻፍ ግድ ነው፤ መግለጫው ትክክል መሆኑን ግን መፈተን የኛ ድርሻ ነው። እስቲ አንቀጽ 17ን እንዲህ እንፈትነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሮም በኩል ደብዳቤ መላክ ፈለጉ ብንል፣ በአማርኛውም ቢሄዱ በጣልያንኛው ደብዳቤው ሮም ይደርሳል። ሁለቱም አለፉ! ልዩነቱ የሚወጣው ንጉሠ ነገሥቱ በሮም በኩል መላክ ያልፈለጉ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በዲሴምበር 1889 መጣ። ብዙዎቹ የማያቸው መመዘኛዎች መሣሪያው መጠራት ባለበት ጥያቄ የተሞሉ ናቸው፤ ስለዚህ «ይቻላል»ን ከ«ግድ ነው» መለየት አይችሉም። መሣሪያው መነካት የሌለበት ጥያቄ ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ሳይነካ አንዲቷን ቃል ብቻ መለወጥም ያስፈልጋል፤ ሞዴል ዛሬ ያለውን ነገ ላይደግመው ስለሚችል ደጋግሞ ማስኬድም እንዲሁ።

የጸሐፊው ጥቅም ሌላ ጉዳይ ነው። ስቬን ሩቤንሰን በ1964 ባሳተመው ጥናት አንቶኔሊ ልዩነቱን ሆን ብሎ እንደፈጠረው ተከራክሯል፤ ካርሎ ጂሊዮ ደግሞ ሞግቶታል። የመሣሪያ መግለጫም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመሣሪያው ባለቤት ነው። በኤፕሪል 2025 ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለ ድርጅት በመግለጫ ውስጥ ትእዛዝ ደብቆ ኤጀንቱን ማሳሳት እንደሚቻል አሳይቷል። ተንኮል ባይኖር እንኳ ሻጭ ስለ ዕቃው ሲጽፍ «ይቻላል» ብሎ የሚቆም ጥቂት ነው።

የእኛ ቋንቋ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። መግለጫው በእንግሊዝኛ፣ ጠያቂው በአማርኛ ነው። አንድ ሰው «ነገ ለእማማ ብር መላክ ይቻላል» ብሎ ያለ ጥያቄ ምልክት ቢጽፍ፣ መጠየቁ ነው፣ መፍቀዱ ነው ወይስ በጨዋ አንደበት ማዘዙ? እኛ ከአነጋገሩ እንለየዋለን። ገንዘብ የሚልከው መሣሪያ ግን መግለጫው «መጀመሪያ አረጋግጥ» ካላለው ብሩን ሊልከው ይችላል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ፈተና ይህን አይነካውም፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ጥያቄው ከነምልክቱ ነውና። እንዲህ ያለውን የፈተና ዝርዝር በአማርኛ ጽፎ የሚያቀርብ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ነው፤ በሙያው ውስጥ ያለን ደግሞ እዚህ ለንደንም፣ ዋሽንግተንም፣ አዲስ አበባም ጥቂት አይደለንም።