ውሃ የወረደች ልጅ

ወልድያ ሐይቅ የላትም፤ መርሳም የላትም። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ወጣት አንዲትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጥራት «ውሃ ዳር ልውሰዳት» ቢል ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ በአቅራቢያው የሚያልፈው ወንዝ፣ ወይ ከወልድያ በደሴ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ። የዛሬ ወጣቶች ወሬ የሚያዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ጀልባው፣ የተጠበሰው ዓሣ፣ ፎቶው። ነገሩ ከስልክ ጋር የመጣ አዲስ ልማድ ይመስላል። አይደለም። በወሎ ወንድና ሴት ልጅ ካፌ የሚባል ነገር ሳይታሰብ ውሃ ዳር ይተያዩ ነበር። የተለወጠው ቦታውን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው፤ ታሪኩም መነገር ያለበት ከዚያ በኩል ነው።

ለአቅመ ሔዋን የደረሰች የገጠር ልጅ ያለ ምክንያት መንገድ ላይ መቆም አትችልም ነበር። ገበያ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ከእናት ጋር። ሠርግና ለቅሶ ዘመድ ይበዛበታል። በየቀኑ፣ ማንም «የት ነበርሽ?» ሳይላት ከቤት የሚያስወጣት አንድ ሥራ ነበር፦ ውሃ መውረድ። ጎረምሳውም የራሱ ሰበብ አለው፤ ከብት ማጠጣት። ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ ማንም ማንንም አልቀጠረም። ቀጠሮ ያልተባለ ቀጠሮ ይሉታል ይህ ነው።

ቦታው ግን ዝም ብሎ አይመረጥም። እናቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ድንጋይ አጠገብ ጨዋታ አይደምቅም፤ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ማለፍ ደግሞ ስም ያስጠፋል። ጥሩው ቦታ ከመንደር ዓይን ያልራቀ፣ ከመንደር ጆሮ ግን የራቀ ነው። የጨዋታው ልክም እንስራው እስኪሞላ ነው። ልጅቱ ካልወደደችው እንስራዋን አዝላ ትሄዳለች፤ መሄጃ ሰበቧ ጀርባዋ ላይ ነው። ከወደደችው እንስራው ቀስ ብሎ ይሞላል። አማርኛ የትዳር ጓደኛን «ውሃ አጣጭ» ይላል። ቃሉ የሚናገረው ስለ ወንዝ ዳር ሳይሆን አብሮ ስለመኖር ቢሆንም ከዚህ ልማድ ጋር ሲታሰብ ደስ ይላል።

በድሮ ስሟ መርሳ አባ ጌትዬ የምትባለው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር የሚኖርባት ናት። ሁለቱም የሚያውቁት የውሃ ዳር ታሪክ አለ፤ አንዱ ሙሴ ይለዋል፣ ሌላው ሙሳ። በኦሪት ዘፀአት የምድያም ካህን ሰባት ሴቶች ልጆች መንጋቸውን ሊያጠጡ ይመጣሉ፤ እረኞች ያባርሯቸዋል፤ ሙሴ ተነሥቶ ይረዳቸዋል። በቁርኣን ሱረቱል ቀሰስ ሁለት እህትማማቾች እረኞቹ አጠጥተው እስኪሄዱ መንጋቸውን ይዘው ዳር ይቆማሉ፤ ሙሳ ያጠጣላቸውና ወደ ጥላው ዞር ይላል። ኋላ አንደኛዋ በሐፍረት እየተራመደች ትመጣና አባቷ እንደሚጠራው ትነግረዋለች። በሁለቱም ታሪክ መጨረሻው ጋብቻ ነው። በሁለቱም ታሪክ ከፍቅር በፊት ያለው ችግርም አንድ ነው፤ ውሃው በጉልበተኛ ወንዶች እጅ ነበር። ሰውየው የተመረጠው አጠጥቶ ዞር ስላለ ነው። ይህ ነገር በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በመድረሳ ለጎረምሶች ቢብራራ አይከፋም።

ስለ ወንዝና እንስራ በናፍቆት ብቻ የሚያወራ ሰው ግን ግማሹን ደብቋል። የመጀመሪያ ጋብቻ ውሃ ዳር አይወሰንም ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ለአባት ይነጋገራል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፤ ልጅቱ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን ማግቢያ ዕድሜ 15 ብሎት ነበር፤ በተግባር ግን ከዚያም በታች ይኬድ ነበር። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. 18 አደረጉት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ሲጠይቅ፣ በአማራ ክልል ግማሾቹ ገና 16 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ተድረው ነበር። ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው ይህ ነው። ብዙዎቹ የተዳሩት ሕጉ ሳይወጣ ነው፤ ሆኖም ዛሬም በየመንደሩ ያሉ እናቶች ናቸው። ለእነሱ «የመጀመሪያ ቀጠሮ» የሠርጉ ዕለት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። በአማራ ገጠር ያ የልጅነት ጋብቻ ብዙ ጊዜ አይጸናም። ልጅቱ ጥላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ወይም ትፈታለች። ከዚያ በኋላ ፈት ናት፤ የቤተሰቡ ቃል ተፈጽሟል፣ ጥሎሹም ተበልቷል፣ ሁለተኛውን ባል ራሷ ብትመርጥ የሚቆጣት ያንሳል። እንግዲህ ወንዝ ዳር ቆማ እንስራዋን ቀስ ብላ የመሙላት ነፃነት የነበራት አንድ ጊዜ ተድራ የተመለሰችው ሴት ናት። የወሎ ፍቅር እየተባለ የሚወደሰው ነገር አንዱ ምንጩ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በሁለተኛው ዙር የተገኘ ምርጫ።

ላልተዳረችው በዓመት አንድ ቀን ነበራት፤ ጥምቀት። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ልጃገረዶች ያላቸውን ለብሰው ይወጣሉ፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረምሳው ሎሚ ይወረውራል። ልጅቱ ታነሣዋለች፣ ወይም እንዳላየች ታልፈዋለች። ወርዋሪው ማንንም አላስፈቀደም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሎሚው የሚወረወረው ወንድሟ፣ አጎቷ፣ ቄሱና መላው አገር ባለበት ነው። ውሃ ዳሩ ጥሩ የሚሆነው ሰው ስላለበት ነው፤ ማንሣትም አለማንሣትም አደጋ የለውም።

ሰው የሌለበት መንገድ ሌላ ታሪክ አለው። ጠላፊ የሚጠብቀው ልጅቱ ብቻዋን የምትሆንበትን ቦታ ነው፦ የውሃ መንገድ፣ የእንጨት ለቀማ፣ የትምህርት ቤት መንገድ። ጠለፋ በሰሜን ወሎ ከያለዕድሜ ጋብቻ በታች የሚነሣ መከራ ቢሆንም ሕጉ ለሁሉም አንድ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር። ተጠልፋ ከተወሰደች በኋላ «በፈቃዷ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ይፍረድ። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሴት ልጅ ራቅ ያለ ውሃ ዳር ስትቀጠር የምታመነታው ፈሪ ስለሆነች አይደለም። እናቷ ወይም አክስቷ የነገሯት ነገር አለ።

ከዚያ ቧንቧ መጣ። መጀመሪያ ቦኖው መንደር መሐል ቆመ፣ ቀጥሎ በከተማው ውሃው ግቢ ገባ። በሀብሩ ገጠር ዛሬም ቢጫ ጀሪካን የተሸከመች ልጅ አለች፤ በከተማ ግን የሴት ልጅ ጀርባ አረፈ። ይህን ማንም አይቆጨው። ከእንስራው ጋር ግን ሰበቡም ቀረ፤ በምትኩ ትምህርት ቤት፣ ጥናትና ቤተ መጻሕፍት መጡ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከሩቅ የመጡ፣ የመንደር ዓይን የማይከተላቸው ወጣቶች በዙ። መርሳ ላይ ብዙ ወሬ የሚጀመረው ጁስ ቤት ነው። ማንጎውና ፓፓያው በመስኖ የበቀለ ነውና ያው የወንዙን ውሃ መጠጣታቸው ነው፤ በብርጭቆ ሆነ እንጂ።

ሐይቅስ? ሐይቁ ውብ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው፤ ሴት አይገባበትም። የአገሩ አፈ ታሪክ ግን ሌላ ይላል፦ አንዲት ነፍሰ ጡር በንጉሥ ልጅ ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን በሙሉ ውሃ አደረገው፤ የተረፈው እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው፤ ገዳሙም የቆመው በዚያ ላይ ነው። ለአንዲት ሴት ሲባል የዳነ መሬት ዛሬ ሴት የማትረግጠው ሆነ። ጥንዶቹ ገዳሙን ለማየት ጀልባ ሲጠይቁ ይህን ቀድመው ቢያውቁ አንዱ ወርዶ ሌላዋ ጀልባ ላይ ከመጠበቅ ይድናሉ።

ከዚያም መንገዱ አለ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ቆይታለች፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። በማታውቀው ሰው ወጪ 90 ኪሎ ሜትር የሄደች ልጅ ጨዋታው ባያምራት እንስራዋን አዝላ አትነሣም። ወንዙ ዳር የሚቀመጡትም ቢሆኑ ክረምት ላይ ሰማዩን አይመኑ፤ መርሳ ላይ ፀሐይ እያለ ከበላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል፤ መቀመጥ ከአሸዋው ሳይሆን ከዳርቻው ላይ ነው። ሐይቅ የሄዱት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ወልድያ የሚመለሰው ሚኒባስ እየሳሳ እንደሚሄድ ያዩታል። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው ብላ ቀድማ የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ ልጅቱ ናት።