ከስድስት ኪሎ እስከ አርባ ምንጭ፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሩቃን የሥራ ታሪክ

በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሥራ ከትምህርቱ ይቀድማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ያኔ ለሥራው የሚፈለገው ቋንቋ እንጂ ዲግሪ አልነበረም፤ በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ጸሐፊዎችና አስተርጓሚዎች የሚወጡበት ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ደግሞ ውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕግ ያጠኑት ፓሪስ ነው፤ ከተማ ይፍሩም የተማሩት አሜሪካ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ የፖለቲካ ሳይንስ በአገር ውስጥ መማር ሲቻል ጊዜው የተመቸ መሰለ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረቱ። ይሁን እንጂ የአህጉራዊ ድርጅቶቹ ወንበር ለአባል አገሮች ሁሉ የሚከፋፈል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በየዓመቱ የሚቀበለው ጥቂት ነበር። ስሙ ወደ ውጭ የሚያመለክተው ትምህርት አብዛኛውን ምሩቅ ያሰማራው አገር ውስጥ፣ በማስተማርና በአስተዳደር ነው።

ጋሞ ጎፋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ በ1950ዎቹ ከቀዝቃዛዋ ጨንቻ ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ ወደምትገኘው አርባ ምንጭ ተዛወረ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው የተላከው መምህር ሆኖ ነው። ስለ መንግሥታት ግንኙነት ሲያነብ የከረመው ወጣት በደቡብ የደረሰው ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳ ፊት መቆም፣ የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ነገር በዓይኑ ማየት ነበር። ተማሪዎቹ በዚያው ዓመት «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ መውጣታቸው የዘመኑን ስሜት ያሳያል። የጋሞ ሰው በበኩሉ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ ነበር። የዶርዜ ሸማኔዎች የሰፈሩባት ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ሽቅብ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አካባቢ ናት፤ በሸማው ከውጭ ሰው ጋር መገበያየቱን የተካነው ሸማኔ ያለ ዲግሪ ነው።

አብዮቱ ነገሩን ለወጠ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገቡ። ከዚያ በኋላ ምሩቅ ሥራ የሚይዘው በመንግሥት ምደባ ሆነ። ሥራ አጥነት ብዙም አያሳስብም ነበር፤ ምርጫ ግን አልነበረም። የአስተዳደሩን ቦታም የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ያሠለጠናቸው ካድሬዎች ይሻሙ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ሲቀር ምሩቁ አራት ኪሎ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች ፊት ቆሞ «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ፍለጋ ገባ። ፌዴራሊዝሙ የፈጠራቸው የዞንና የወረዳ ቢሮዎች ብዙ ሰው ቀጠሩ። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ሲገባ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራቂ ዳግመኛ መምህር ሆነ። የተሻለ ደመወዝ የሚከፍሉት ኤንጂኦዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ 10 በመቶ ላይ ስለገደበ ይህ በር ጠበበ። አዋጁ የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። የ70 ለ30ው የቅበላ ፖሊሲም አብዛኛውን ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ መራ።

አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አገኘች፤ ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ማኅበራዊ ሳይንስና ሕግ ተጨመሩበት። ምሩቅ ይላክባት የነበረችው ከተማ ራሷ ምሩቅ ላኪ ሆነች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በቁጣ የወጡ ወጣቶችን ከበቀል የመለሱትም እዚህ ነው፤ የግጭት አፈታት ኮርስ ለሚወስድ ተማሪ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። በቀጣዩ ወር የተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር ለዘርፉ ምሩቃን አዲስ ቀጣሪ ሆኖ መጣ፤ በኋላም በብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎቱ ምሩቃንን ከትውልድ አካባቢያቸው ውጭ ማሰማራት ጀመረ። ሐሳቡ በ1957 ከተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ የያኔው ግዴታ መሆኑ ነው።

ዲፕሎማት የመሆን ዕድል ግን አልሰፋም። በ2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከ60 በላይ ከሆኑት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢያንስ 30 መዘጋት እንዳለባቸው ለምክር ቤት ተናገሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆነ።