የባሕር ውኃ በድስት

ዛሬ የምናነበው ስለ ውኃ ነው። ወረቀቱን የያዛችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ገና ፊደል በመለየት ላይ ያላችሁ ደግሞ አዳምጡ፤ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

እስቲ በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አረቄ ሲወጣ ያላየ ከመካከላችሁ አለ? ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል። የጋኑ አፍ በጭቃ ይመረጋል። ከአናቱ መቃ ይወጣል። መቃው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይገባል። እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ ሲቀዘቅዝ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አተላው ግን እዚያው ጋኑ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሥራ እኛ ዛሬ ማንጠር እንለዋለን።

አሁን በድፍድፉ ቦታ የባሕር ውኃ ተጥዷል እንበል። የባሕር ውኃ ጨው ነው። አንዱ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። የጠጣው ሰው ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይረካም። ሲፈላ ግን እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። እንፋሎቱን ቀዝቀዝ አድርጎ የያዘ ሰው ጨው የሌለው ውኃ አገኘ ማለት ነው።

ይህን ነገር ሰዎች ካወቁት ቆይቷል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፣ የባሕር ውኃ ተንኖ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ጨውነቱ እንደሚጠፋ ከ2300 ዓመት በፊት ጽፏል። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የቂሳርያው ባስልዮስ ደግሞ መርከበኞች ሲቸግራቸው ምን እንደሚያደርጉ ነግሮናል። የባሕሩን ውኃ ያፈላሉ። እንፋሎቱን በሰፍነግ ይቀበላሉ። ሰፍነጉን ጨምቀው ይጠጣሉ። መቃ የለ፣ ጋን የለ። አንድ ድስትና አንድ ሰፍነግ ብቻ!

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ስንት መርከበኛ በውኃ ጥም ተሠቃየ? አንዱ ምክንያት ማገዶ ነው፤ እሱን ኋላ እናነሣዋለን። ሌላው ምክንያት ግን ያልተጻፈ፣ ያልተነበበ ዕውቀት መሆኑ ነው። አንዱ ያገኘውን ሌላው አይሰማም። ወይም ያገኘው ሰው ምስጢር አድርጎ ሊሸጠው ይፈልጋል።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ቻፕማን የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ውኃ አለቀበት። መርከቡ ላይ ለማንጠሪያ የሚሆን ዕቃ አልነበረም። የነበረው ቅጥራን የሚቀልጥበት አሮጌ ድስት ነው። ለድስቱ የእንጨት ክዳን አሠራ። የብረት ሳህን ጠቅልሎ እንደ መቃ አደረገው። በዚያም ሕዝቡን አጠጣ። ቅጥራን ቅጥራን ሳይል አልቀረም፤ ግን ማን ያማርራል?

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት፣ ውኃው እንዲጣፍጥ አንድ መድኃኒት መጨመር አለበት ይሉ ነበር። አመድ የሚጨምር አለ፣ ሳሙና የሚጨምር አለ። ጀምስ ሊንድ የተባለው የባሕር ኃይል ሐኪም ግን ምንም ሳይጨምር አነጠረና ውኃው ያው ጥሩ ሆኖ አገኘው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ አወጣው።

ይህ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ። ጄኮብ አይዛክስ የሚባል ሰው፣ የአሜሪካ ሰው ነው፣ «የባሕር ውኃ የሚያጣፍጥ ቅመም አለኝ፤ መንግሥት ዋጋዬን ይክፈለኝ» ብሎ ለምክር ቤት አመለከተ። ጉዳዩ የተመራው ወደ ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ይህ ሰው ኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ጄፈርሰን ሊቃውንት ሰበሰበና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1791 ፊላደልፊያ ላይ ሙከራ አደረጉ። አንዱን ውኃ ከቅመሙ ጋር፣ ሌላውን ያለ ቅመም አነጠሩ። ውጤቱ አንድ ሆነ። ቅመሙ ምንም አልጨመረም።

እኔን ግን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጄፈርሰን በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ባቀረበው ጽሑፍ እንዲህ የሚል ሐሳብ አነሣ፤ እያንዳንዱ መርከብ ከወደብ ሲወጣ የሚሰጠው የመውጫ ፈቃድ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ጀርባ ላይ የአነጣጠሩ ዘዴ ይታተም። ድስት ከማንኛውም መርከብ አይጠፋም። የጐደለው ይህችው ጽሑፍ ናት። ለአንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ሊከፈልበት የነበረው ምስጢር፣ ከፈቃድ ወረቀት ጀርባ የሚጻፍ ጥቂት መስመር ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደኛው ታሪክ እንምጣ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና ስለ መቅደላ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ከመድረሱ በፊት ምን ጠጣ ብሎ የጠየቀ አለ? ጦሩ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መውረድ የጀመረው ዙላ ላይ ነው። ዙላ ከጥንቱ ከአዱሊስ አጠገብ ያለ፣ ዛሬ በኤርትራ የሚገኝ የባሕር ዳርቻ ነው። ቦታው ሐሩር ነው። ለዚያ ሁሉ ጦር የሚበቃ የሚጠጣ ውኃ አልነበረውም። የሚወርደው ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ወታደር፣ ከእነሱ የሚበዛ አገልጋይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር በቅሎ፣ ግመልና በሬ፣ 44 ዝሆኖችም ጭምር ነው።

ምን አደረጉ? የእንፋሎት መርከቦቻቸውን ዳር አቆሙ። በመርከቦቹ ትልልቅ የብረት ማፍያዎች የባሕሩን ውኃ አፈሉ፤ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ወደ የብስ አወረዱት። ሥራው ያው የአረቄ ሥራ ነው፤ ጋኑ ግን መርከብ ያህላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃው አልበቃም፤ በውኃ ጥምና በበሽታ ብዙ በቅሎ አለቀ። የሚነደው ከሰልም በመርከብ የሚጫን ነበርና ወጪው ከባድ ነው። ገንዘብ የነበረው መንግሥት ከሰሉን አነደደ፣ ጦሩም ወደ ደጋው ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ታሪክ ስናነብ መድፉን እንቈጥራለን፤ የውኃውን ድስት ግን እንረሳለን።

ማገዶ ያልኩትን አሁን ላንሣ። ውኃን ማፍላት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉንም ማትነን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ከሚፈጀው እሳት ላይ፣ የፈላውን ውኃ በሙሉ ለማትነን ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ተጨማሪ እሳት ያስፈልጋል። እንጨት ከሩቅ ተሸክማ ለምትመጣ እናት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ስለዚህ ውኃችሁ የወንዝ ወይም የኩሬ ከሆነ፣ ችግሩም የበሽታ ተሐዋስያን ከሆነ፣ አታንጥሩ። በጨርቅ አጥልሉና አፍሉት። ገንፍሎ ሦስት ደቂቃ ከፈላ በደጋም ቢሆን ይበቃል።

ማንጠር የሚፈለገው ማፍላት የማያወጣው ነገር ሲኖር ነው። አንዱ ጨው ነው። ሌላው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን በብዙ ቦታ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ከብዙ ዓመት በኋላም አጥንት የሚያደነድነው እሱ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ይህን ውኃ ዝም ብሎ ማፍላት አይጠቅምም። ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይብስበታል። ለዕለት ተዕለቱ መፍትሔው ሌላ ንጹሕ ምንጭ ወይም በከብት አጥንት ከሰል ማጣራት ነው። ለችግር ቀን ግን ድስትም ይሠራል።

እንዲህ ነው። ክዳን ያለው ድስት ውሰዱ። መጥፎውን ውኃ እስከ ግማሽ ሙሉት። ክዳኑን ገልብጡት፤ የክዳኑ እጀታ ወደ ታች፣ ወደ ድስቱ ውስጥ ያያል። በእጀታው ላይ ጽዋ በገመድ እሰሩ። ጽዋው ከእጀታው ሥር ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል፤ የሚፈላውን ውኃ ግን አይንካ። ክዳኑ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱ፤ ሲሞቅ ለውጡት። ሃያ ደቂቃ አፍሉት። እንፋሎቱ ክዳኑን ነክቶ ይቀዘቅዝና በእጀታው ወርዶ ጽዋው ውስጥ ይንጠባጠባል። ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን አርቁ፤ እንፋሎት ክፉኛ ያቃጥላል።

ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነካው ውኃ በዚህ አይድንም፤ እነሱም አብረው ይተንናሉ። የመኪና ራዲያተር እንደ መቃ የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ። አታድርጉት፤ ውስጡ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ እርሳስ መርዝ ነው።

የተነጠረ ውኃ ስትቀምሱት ለዛ የለውም። አየሩ ስለወጣና ማዕድን ስለሌለው ነው። ሻይ እንደምታበርዱት ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ደጋግማችሁ ገልብጡት፤ አየር ሲገባው ይሻለዋል።