የውቅያኖስ ዳርቻ ቤትና የወር መዋጮው ታሪክ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለጨው ውሃም ይሠራል። በአሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው የባንክ ዕዳውን ከፍሎ ቢጨርስ እንኳ በየወሩ ለባለቤቶች ማኅበር የሚከፍለው ገንዘብ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ክፍያ እንደ ኪራይ፣ አንዳንዱም እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ለመሆኑ ይህ መዋጮ ከየት መጣ? ለምንስ ይውላል?

ኮንዶሚኒየም የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም የጋራ ባለቤትነት ማለት ነው። ገዢው ለብቻው የሚይዘው የቤቱን የውስጥ ክፍል ነው። ጣሪያው፣ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ የመኪና ማቆሚያውና የመዋኛ ገንዳው የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነውን ነገር ደግሞ ሁሉም ማደስ አለበት። የሕንፃው ኢንሹራንስ፣ ጽዳትና ጥበቃ የሚከፈለውም ከዚሁ መዋጮ ነው።

ይህ አሠራር በአሜሪካ ረጅም ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ፖርቶ ሪኮ ሕጉን አወጣች። በ1960 ዩታ ተከተለች። በ1961 የአሜሪካ ምክር ቤት ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚሰጠው ብድር የመንግሥት ዋስትና እንዲያገኝ ፈቀደ። ፍሎሪዳ ሕጓን ያወጣችው በ1963 ሲሆን፣ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ሕጉ በሁሉም ክፍላተ ሀገር ተዳረሰ። በኢትዮጵያም ቢሆን የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ችግሩም ወዲያው ተከተለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፍሎሪዳ አንዳንድ ሥራ ተቋራጮች ቤቶቹን ሸጠው መዋኛ ገንዳውንና መዝናኛውን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። ገዢዎቹ ለ99 ዓመት ኪራይ እንዲከፍሉ ያስፈርሟቸዋል፤ ኪራዩም ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይጨምራል። ጡረተኞች ገንዳቸው የሌላ ሰው መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። የፍሎሪዳ ምክር ቤት በ1975 እንዲህ ያለውን የሚጨምር የኪራይ ውል ለወደፊቱ ከለከለ።

ሁለተኛው ችግር ግን ከራሳቸው ከባለቤቶቹ የመጣ ነው። የፍሎሪዳ ሕግ ማኅበራት ለጣሪያና ለመሳሰሉት ትልልቅ ሥራዎች መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲያስቀምጡ ቢያዝም፣ ባለቤቶቹ በድምፅ ብልጫ መጠባበቂያውን ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር። ብዙዎችም እንዲሁ አደረጉ። የወር ክፍያው ሲያንስ ቤቱ ቶሎ ይሸጣል፤ ጎረቤትም ደስ ይለዋል። በ2008 መሐንዲስ በየአምስት ዓመቱ ሕንፃዎችን እንዲመረምር የሚያዝ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ2010 ተሻረ። የጨው ውሃው ግን ድምፅ አይሰጥም፤ በተሰነጠቀው ኮንክሪት ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። የዛገ ብረት ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ይበልጥ ይሰነጥቀዋል።

በሰርፍሳይድ ከተማ በ1981 የተሠራው ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ባለ 12 ፎቅ ሲሆን 136 ቤቶች ነበሩት። በ2018 አንድ መሐንዲስ መርምሮ በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው ወለል ውሃ መከላከያው እንዳለቀና ከባድ ጉዳት እንደደረሰበት ጻፈ። ባለቤቶቹ በወጪው ላይ ሲከራከሩ ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ በ2021 15 ሚሊዮን ዶላር ልዩ መዋጮ ተወሰነ። የአንድ ቤት ድርሻ ከ80 ሺህ ዶላር ገደማ ጀምሮ ከ300 ሺህ በላይ ይደርስ ነበር። ክፍያው የሚጀምረው ጁላይ 1 ነበር። ጁን 24 ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ሕንፃው በከፊል ፈረሰ። 98 ሰዎች ሞቱ።

ጥፋቱ የመጠባበቂያ ማነስ ብቻ አልነበረም። የፌዴራል መርማሪዎች በ2023 እንደገለጹት የገንዳው ወለል ከመጀመሪያው ንድፉ ጀምሮ ሕጉ ከሚያዘው ጥንካሬ በታች ነበር። ይሁን እንጂ ጥገናው በጊዜው ቢጀመር ጉድለቱ ሊታይ ይችል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ፍሎሪዳ በ2022 አዲስ ሕግ አወጣች። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮንዶሚኒየሞች 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘች፤ ለምሰሶና ለጣሪያ የሚቀመጠው መጠባበቂያም በድምፅ እንዳይቀር ከለከለች። በዚህም የተነሳ መዋጮው በብዙ ቦታ አሻቀበ፤ በጡረታ ገንዘብ የሚኖሩ ሽማግሌዎች ቤታቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። በ2025 ምክር ቤቱ የጊዜ ገደቡን አራዝሞ ማኅበራት በብድርም መጠባበቂያ እንዲይዙ በመፍቀድ ጥቂት እፎይታ ሰጠ። ዕዳውን ግን አልሰረዘውም።

እድር ያለው ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። እድርተኛ የሚያዋጣው ሐዘን ሳይደርስ ነው፤ ሐዘን ከደረሰ በኋላ ማዋጣት መለመን ይሆናል። ስለዚህ ቤት ገዢ ወለሉንና መስኮቱን ከማየቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ የማኅበሩን በጀት፣ የመጠባበቂያውን መጠን፣ የመሐንዲሱን ዘገባና የስብሰባዎቹን ቃለ ጉባኤ። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ቤቱ በዕዳ ተይዞ ሊሸጥበት እንደሚችልም ይወቅ። አነስተኛ መዋጮ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ አንዳንዴ ትናንት የነበሩት ሳይከፍሉት የቀረ፣ ነገ የሚመጣው የሚከፍለው ዕዳ ነው።