«በእጅ የተሠራ» ሲባል በማን እጅ?

የአበባ ካርድ የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያየው አበባውን ነው። ቀጥሎ ጽሑፉን ያነባል፣ ከዚያ የላኪውን ስም ይፈልጋል። «ይህን አበባ ማን ቆረጠው? ማን ለጠፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። የካርድ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከፖስታ ዋጋ ነው። በእንግሊዝ እስከ 1840 ድረስ ደብዳቤ መላክ የድሃ ሰው ነገር አልነበረም። ሒሳቡ በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። በጥር 1840 ቀላል ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ ወደ የትም ቢሄድ በአንድ ፔኒ እንዲላክ ተወሰነ። በግንቦት ደግሞ የዓለም የመጀመሪያዋ የሚለጠፍ ቴምብር ወጣች።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1843፣ በዚሁ የፖስታ ማሻሻያ ውስጥ የሠራው ሄንሪ ኮል ለገና ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ቢከብደው ሠዓሊውን ጆን ሆርስሊን ካርድ አሠራው። አንድ ሺህ ያህል ታተመ። ሕትመቱ የማሽን ቢሆንም ቀለሙ የተቀባው በእጅ ነበር። የአንዱ ዋጋ አንድ ሽልንግ ነው። አንድ ሽልንግ አሥራ ሁለት ፔኒ ስለሆነ ካርዱ ከመላኪያው አሥራ ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። መላኪያው ለሁሉም ረከሰ፤ ካርዱ ግን ገና የባለጸጋ ዕቃ ነበር።

በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ወረቀትን ዳንቴል ማስመሰል ችለው ነበር። ወረቀቱ በተቀረጸ ብረት ላይ ተጭኖ ቅርጹ ያብጣል፤ ያበጠው ቦታ በሞረድ ሲፋቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ዛሬ በእጅ በሚዞር ትንሽ ማሽን አበባና ቅጠል እየቆረጡ ካርድ የሚሠሩ ሰዎች የጥበባቸው አያት ይኼ ብረት ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1847 በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ አስቴር ሃውላንድ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ከማውንት ሆልዮክ የሴቶች ትምህርት ቤት ተመርቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ የመጻሕፍትና የጽሕፈት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። በዘመኑ የተማረች ሴት ወይ ታስተምራለች ወይ ታገባለች፤ ከዚያ ሌላ የተከፈተላት በር ጠባብ ነበር። በዚያው ሰሞን ዳንቴል ወረቀትና አበባ የተለጠፈበት የቫለንታይን ካርድ ከእንግሊዝ መጣላት። አስቴር ካርዱን አይታ ከመደነቅ አልፋ «እኔስ ለምን አልሠራውም?» የሚል ሐሳብ ያዛት።

አባቷ ዳንቴል ወረቀትና ባለ ቀለም የአበባ ሕትመት ከውጭ አስመጡላት። ደርዘን ያህል ናሙና ሠራች። ወንድሟ ለአባታቸው ንግድ በየከተማው ሲዞር ናሙናዎቹን ይዞላት ሄደ። እንደሚተረከው እሷ ተስፋ ያደረገችው የሁለት መቶ ዶላር ትእዛዝ ነበር። ወንድሟ ይዞ የተመለሰው ግን ከአምስት ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ይህን ያህል ካርድ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አይጨርሰውም። አስቴር ጓደኞቿን ጠርታ በቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ ጀመረች። አንዷ አበባውን ከሕትመቱ ላይ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ መደቡን ታዘጋጃለች፣ ሌላዋ በአስቴር ናሙና መሠረት እየደራረበች ትለጥፋለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ነው። ዓለም የቅብብሎሽ ሥራን ከሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ ጋር ያያይዘዋል። እነዚህ ወጣት ሴቶች ግን ከፎርድ ስልሳ ዓመት ቀደም ብለው በመቀስና በሙጫ እንዲያ ይሠሩ ነበር።

ሥራው ሲሰፋ ከቤት መውጣት የማይመቻቸው ሴቶችም ገቡበት። ወረቀቱ፣ አበባውና ናሙናው በሣጥን ተደርጎ ቤታቸው ይደርሳል፤ በሳምንቱ ያለቀው ካርድ ይሰበሰባል። ገቢው በደህናው ጊዜ በዓመት እስከ አንድ መቶ ሺህ ዶላር ይደርስ እንደነበር ይነገራል። አስቴር በ1866 ጉልበቷ ላይ ተጎድታ በተሽከርካሪ ወንበር ለመሄድ ብትገደድም ሥራውን ትመራ ነበር። በ1881 የታመሙ አባቷን ለመንከባከብ ድርጅቱን ሸጠች፤ በ1904 አረፈች። የአገሩን ፍቅረኛ ሁሉ በካርድ ስታገናኝ የኖረችው ሴት ራሷ አላገባችም። አሜሪካኖች ዛሬም «የቫለንታይን እናት» ይሏታል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ ወጣት፣ መልካም ሐሳብ፣ ትልቅ ሀብት። ግን አንድ ትንሽ ነገር አለች። የአስቴርን ካርዶች ከሌላው የሚለዩ ሰብሳቢዎች ካርዱን ገልብጠው ጀርባው ላይ በቀይ የታተመች አንዲት ፊደል ይፈልጋሉ፤ «ሃውላንድ» የሚለው ስም የሚጀምርበትን የእንግሊዝኛ ፊደል። ማህተሙ የድርጅቱ ባለቤት ነው። አበባውን የቆረጠችው፣ ዳንቴሉን የደረበችው፣ ሣጥኑን በሳምንቱ የመለሰችው ሴት በካርዱ ላይ ምልክት የላትም።

እዚህ ላይ ሁለት እውነት አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ አስቴር የሴት ገቢ ብርቅ በነበረበት ዘመን ለብዙ ሴቶች የራሳቸውን ገንዘብ የሚያገኙበት ሥራ ፈጥራለች። ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው፣ ገዢው «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ ዋጋ የከፈለበት ነገር የብዙ እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ የተጠራው አንድ ስም ብቻ ነው። አንደኛው ሁለተኛውን አይሽረውም።

ድርጅቱን የገዛው የዚያው ከተማ ነጋዴ ጆርጅ ዊትኒ ነው። እሱ ዳንቴል ወረቀቱን ከአውሮፓ ማስመጣቱን ትቶ ማተሚያና መቁረጫ ማሽን አስገባ። አበባው ከእጅ ወደ ሻጋታ ተዛወረ፤ ካርዱ ረከሰ፤ ብዙ ሰው ገዛው። ይህም ክፉ አልነበረም፤ የባለጸጋ የነበረው ዕቃ የሁሉም ሆነ። የዊትኒ ድርጅት በ1942 በጦርነቱ ምክንያት ወረቀት ሲጠፋ ተዘጋ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካርድ በየሱቁ በርካሽ ከሞላ በኋላ ሰው ተመልሶ የእጅ ሥራ አማረው። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ካርድ በቤት መሥራት ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ሠሪዋ የጎማ ማህተሙን በቀለም ነክራ አበባውን ወረቀት ላይ ታትማለች። ስለት ያለውን የብረት ቅርጽ ከወረቀቱ ጋር በሁለት ፕላስቲክ መሐል አድርጋ ማሽኑን በእጇ ታዞራለች፤ አበባው ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ታጎብጠዋለች፣ ትደራርበዋለች፣ ትለጥፈዋለች። ማሽን ሥራውን ከሴቶች እጅ ነጥቆ ከወሰደ በኋላ ማሽኑን ራሱን አሳንሶ ለሴቶች ሸጠላቸው ማለት ይቻላል።

በዚህም ውስጥ የድሮው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ መጣ። በማህተሙ ላይ ያለው አበባ የሠዓሊው ወይም የኩባንያው መብት ነው። ታዲያ በዚያ ማህተም የተሠራን ካርድ ሠሪዋ ሸጣ መጠቀም ትችላለች? ብዙ ኩባንያዎች ለዚህ ሠሪዎቹ «የመልአክ ደንብ» የሚሉትን መመሪያ አወጡ። አንዳንዱ እያንዳንዱ ካርድ በእጅ እስከታተመ ድረስ መሸጥን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ የኩባንያው ስም በጀርባ ይጻፍ ይላል፤ በማሽን ማባዛት ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። አሁንም የካርዱ ጀርባ ላይ የማን ስም ይጻፍ የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ግን አይደለም። በእጅ የተሠራ የአበባ ካርድ እዚህም አለ፤ በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን በየደጁ ይዞራል። ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባና ቄጤማ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶቹ በወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ስለው በየቤቱ «እንቁጣጣሽ» እያሉ ይሰጣሉ። ሥዕሉ የተንጋደደ ሊሆን ይችላል፤ የፀሐይዋ ዓይን አንዱ ከአንዱ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን የዉስተሩ ካርድ ያልነበረው ነገር አለው፤ የሣለው፣ ያመጣውና ገንዘቡን የሚቀበለው አንድ ሰው ነው። ተቀባዩ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። «በማን እጅ?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ተመልሷል።

ይህ ልማድ በከተሞች እየሳሳ ነው። ልጁ ራሱ ከመሣል የታተመ ፖስት ካርድ ገዝቶ ያዞራል። አዋቂው ደግሞ አንድ የአደይ አበባ ፎቶ በስልኩ ለመቶ ሰው ያስተላልፋል፤ ማን እንዳነሣው፣ ማን እንዳሳመረው አያውቅም፤ የተቀበለውም አይጠይቅም። ወላጅ ይህን አይቶ ስልኩን መውቀስ ይቀለዋል። የአስቴር ሃውላንድ ታሪክ የሚለው ግን ሌላ ነው። የእጅ ሥራን የሚያጠፋው ማሽን ብቻ አይደለም፤ ከእጁ ጀርባ ያለውን ሰው ስም አለመጠየቅም ነው።

ስለዚህ መጪው እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደጅ ላይ ቆሞ የተንጋደደ ፀሐይ ለሚዘረጋ ልጅ ብር መስጠት ደግ ነው። ከብሩ በፊት ግን ወረቀቱን ገልብጦ «ስምህን እዚህ ጻፍልኝ» ማለት ይበልጣል።