የመንገደኛ ጥርስ፤ ከንፋስ ስልክ እስከ ድሬዳዋ ስላለው የመፋቂያ ልማድ

በቀድሞ ዘመን ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴም ሆነ ወታደር ስንቁን ሲያዘጋጅ በሶ፥ ጭኮ፥ ቆሎና ድርቆሽ ይይዝ ነበር። ለጥርሱ ግን ከቤቱ የሚቋጥረው እምብዛም ነው፤ መፋቂያው በመንገዱ ዳር በቅሎ ይጠብቀዋልና። ስንቁም ቢሆን ለጥርስ የሚመች አልነበረም። በሶው ከጥርስ መካከል ይጣበቃል፤ ቆሎው ደግሞ የታመመ ጥርስ ያለበትን ሰው ያስለቅሳል።

በደጋው አገር ከሁሉ የተመረጠው መፋቂያ የወይራ ነው፤ ክትክታም ያገለግላል። አንድ ስንዝር ያህል የሆነ ቀጭን እንጨት ተቆርጦ ልጡ ከጫፉ ይላጣል፤ ጫፉም ጭረቱ እስኪለያይና እንደ ብሩሽ እስኪሆን ድረስ ይታኘካል። ጫፉ ሲያረጅ ተቆርጦ ይጣልና ሌላ ይወጣለታል። ውኃ ለመጠጥ እንኳ በሚቸግርበት በረሃ ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም።

ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባለው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የመንገደኛ መውጫ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ይተላለፍበት ከነበረው ጣቢያ የመጣ ነው። የፊተኛው የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መጨረሻው ለገሐር ነበረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን መንገደኞቹን የሚያሳፍረው በዚሁ በደቡብ በኩል፥ ፉሪ ለቡ ከሚባለው ጣቢያ ነው። ባቡሩ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ተነሥቶ በቢሾፍቱ፥ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፥ የአየሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመፋቂያውም ዛፍ ይለወጣል።

በአፋርና በሱማሌ ምድር ወይራው ቀርቶ ሱማሌዎች አዳይ የሚሉት፥ በዐረብኛ ሚስዋክ የሚባለው ይተካል። ከዚህኛው ዛፍ ቅርንጫፉም ሥሩም ይሠራበታል፤ ጣዕሙ ሰናፍጭን የሚያስታውስ፥ አፍን የሚያቃጥል ነው። በእስልምና ከስግደት በፊት በሚስዋክ ጥርስን መፋቅ የተወደደ ሱና ስለሆነ፥ የዚያ አገር ሰው መፋቂያውን የሚይዘው ለንጽሕና ብቻ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ የደጋ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ፍትሕ የሚፈርድበት ነገር አለ። በመተሐራ፥ እንዲሁም ከአዳማ በስተደቡብ በምትገኘውና የስኳር ፋብሪካዋ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ቡናማ ጥርስ ያላቸው ሰዎች ይታያሉ። ይህ የመፋቂያ ጉድለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በብዙ ቦታ ከመጠን በላይ ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ የበለጠውን ውኃ በሕፃንነቱ፥ ቋሚ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ የጠጣ ሰው፥ ጥርሱ ሲበቅል አብሮ የተሠራውን ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ወይራም ብሩሽም አያስለቅቀውም። ጥርሱ የተፈጸመለት ዐዋቂ መንገደኛ ግን ውኃውን ለጥቂት ቀን ቢጠጣ ጥርሱ አይጠቁርም። ስለዚህ «ጥርሱን አይፍቅም» እየተባለ የሚነቀፈው የወንጂ ልጅ የሚነቀፈው ባልሠራው ጥፋት ነው።

የመፋቂያውን ብቃት በተመለከተ፥ ኦልሶን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ አድርጎ በ1970 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ አጠቃቀሙን ለተማሩት ልጆች መፋቂያው ከብሩሽ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። «አጠቃቀሙን ለተማሩት» የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም። ብዙ ሰው የፊቱን ጥርስ ብቻ አንጽቶ የመንጋጋውንና የውስጡን ይተዋል፤ ደረቅ እንጨት በኀይል የሚያሸትም ድዱን ያቆስላል፥ ከጊዜ ብዛትም ድዱ ወደ ሥሩ ይሸሻል።

ዛሬ በከተማው ውስጥ ወይራ ከዱር የሚቆረጥ ሳይሆን በየመንገዱ ዳር ታስሮ ከሚሸጡት ልጆች የሚገዛ ነው። ከመሳፈሩ በፊት የሚገዛ ሰው እርጥቡን ይመርጣል፤ በመንገድ የደረቀበት እንደ ሆነም ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያሳድረዋል።